እባጭ ለበዛባት ሴት የደሴ የጡት ምርመራ ምን ያህል ይበቃል?

በደሴ ከተማ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ የጡት አልትራሳውንድን፣ ማሞግራፊ የሚባለውን የጡት ራጅና የናሙና ምርመራን በአንድ ግቢ ውስጥ የሚሰጥ የግል የምርመራ ማዕከል አለ። ታናሽ እህቴን ይዤ ከካርድ ክፍል እስከ ፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት ድረስ ያለውን የማዕከሉን አገልግሎት በሙሉ አይቻለሁ። እህቴ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት አንድ የሚባል፣ በዘር የሚተላለፍ፣ በቆዳና በነርቭ ላይ ዕጢ የሚያበቅል ሕመም አለባት። የማዕከሉን ስም የማልጠቅሰው ምስጋናዬም ሆነ ወቀሳዬ ከአንድ ተቋም ይልቅ የአገልግሎቱን ዓይነት የሚመለከት ስለሆነ ነው። ከሐይቅ፣ ከመርሳ፣ ከባቲ፣ ከከሚሴ ወይም ከወረኢሉ እናቱን፣ እህቱን ወይም ባለቤቱን ይዞ ወደ ደሴ ለሚመጣ ሰው የሚጠቅመው ምን መጠየቅ እንዳለበት፣ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደማያገኝ አስቀድሞ ማወቁ ነው። ፍርዴን ከመነሻው ልናገር፦ ማዕከሉ የተገኘን እባጭ መርምሮ ምንነቱን በመለየት ረገድ ከጠበቅሁት በላይ ነው፤ እባጭ ከመታየቱ በፊት ሴቲቱን በየዓመቱ በመከታተል ረገድ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ሕመሙን ሳያውቁ አገልግሎቱን መመዘን ስለማይቻል በቅድሚያ ስለ ሕመሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኒውሮፋይብሮማቶሲስን ጀርመናዊው የፓቶሎጂ ሊቅ ፍሪድሪክ ፎን ሬክሊንግሃውዘን እ.ኤ.አ. በ1882 በዝርዝር ገልጸውታል፤ መንስኤው የሆነው በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ዘረመል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ተለይቶ ታወቀ። ይህ ዘረመል በጤናማ ሰው ውስጥ ኒውሮፋይብሮሚን የሚባል ፕሮቲን እንዲሠራ ያደርጋል፤ የፕሮቲኑም ተግባር ሴሎችን እንዲባዙ የሚገፋፋውን፣ ራስ ተብሎ የሚጠራውን የመልእክት መስመር ማርገብ ነው። ይህ ማርገቢያ ሲጎድል በነርቭ ሽፋን ላይ ኒውሮፋይብሮማ የሚባሉ ለስላሳ እባጮች ይበቅላሉ፤ በቆዳ ላይም ፈዘዝ ያሉ ቡናማ ምልክቶች ከሕፃንነት ጀምሮ ይታያሉ። ከ2,500 እስከ 3,000 ከሚሆኑ ሕፃናት አንዱ ሕመሙን ይዞ ይወለዳል። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ከወላጅ የወረሱት ሲሆኑ በቀሪዎቹ ላይ ግን የዘረመሉ ለውጥ የጀመረው ከራሳቸው ነው።

ብዙ ሰው፣ የጤና ባለሙያም ጭምር፣ የማያስተውለው ሕመሙ ከጡት ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። ዕድሜያቸው ከ50 በታች የሆኑ ይህ ሕመም ያለባቸው ሴቶች በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከእኩዮቻቸው ከአራት እስከ አምስት እጥፍ እንደሚደርስ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ከ50 ዓመት በኋላ ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ካንሰሩ የሚመጣው በለጋ ዕድሜ ከመሆኑም በላይ ኤስትሮጅን ለተባለው የሴት ሆርሞን ተቀባይ የሌለው ወይም ኸር-ቱ የተባለው ፕሮቲን የበዛበት ሆኖ የመገኘቱ ዕድል ከሌሎች ሴቶች ይልቅ ከፍ ያለ ነው። በዚህም የተነሣ በአሜሪካ ሐኪሞች የሚመሩበት መመሪያ እነዚህ ሴቶች ከ30 ዓመታቸው ጀምሮ በየዓመቱ ማሞግራፊ እንዲነሡ፣ ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ጊዜም ኤም.አር.አይ. በሚባለው የማግኔት ምስል መሣሪያ መታየታቸው እንዲታሰብበት ይመክራል።

በእኛ አገር አደጋው የሚመጣው በሌላ በር ነው። በእህቴ የጡት ጫፍ ዙሪያ ያሉት ትናንሽ ለስላሳ እባጮች የወጡት የመጀመሪያ ልጇን ባረገዘች ጊዜ ነበር፤ ኒውሮፋይብሮማ በጉርምስናና በእርግዝና ወቅት እንደሚበዛና እንደሚያድግ የታወቀ ነው። ከዓመታት በኋላ በግራ ጡቷ የላይኛው ውጫዊ ክፍል ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ ጠጠር ያለ ነገር በእጇ ዳብሳ ስታገኝ በቅርብ ካገኘችው ባለሙያ የሰማችው መልስ «ያው የለመድሽው እባጭ ነው፤ አትጨነቂ» የሚል ነበር። ይህ መልስ ሴትን ለሞት ሊያበቃ ይችላል። እባጭ የሌለባት ሴት ጡቷ ላይ አንድ ጓጉላ ብታገኝ በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች፤ መላ አካሏ እባጭ የሆነባት ሴት ግን አዲሱን ከአሮጌው፣ ክፉውን ከደጉ የምትለይበት ምልክት የላትም። በዚህ ላይ በወሎ ገጠር የቆዳ ጓጉላ ያለበትን ሰው ቁምጥና ይዞታል ብሎ መራቅ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም፤ ብዙዎቹም ገላቸውን ለሰው ማሳየት ስለሚጠሉ ጡታቸውን ለሐኪም እስኪያሳዩ ድረስ ረጅም ጊዜ ያልፋል። ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ሄደው የሕመማቸውን ስም የሰሙ ታማሚዎች አሉ፤ ይሁንና የቆዳው ሕመም ስም መታወቁ ብቻውን ጡትን እንደማያስመረምር የእህቴ ታሪክ ያሳያል።

ወደ ማዕከሉ ልግባ። የካርድ ክፍሉ ሥርዓት ያለው ሲሆን ወረፋው በቁጥር ስለሚጠራ ከሩቅ ወረዳ የመጣ ሰው በዘመድና በትውውቅ አይገፋም። የታካሚ መጠይቁ ግን ጉድለት አለበት። በቤተሰብ ውስጥ የጡት ወይም የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል፤ በዘር የሚተላለፍ ሌላ የዕጢ ሕመም መኖሩን አይጠይቅም። በአባታችን ቤተሰብ በጡት ካንሰር የሞተ ሰው ስለመኖሩ የምናውቀው ነገር ስላልነበረ በመጠይቁ መሠረት እህቴ «ተጨማሪ ሥጋት የሌለባት» ተብላ ተመዘገበች። አባታችን ግን ጀርባውና ክንዱ በእባጭ የተሞላ ሰው ነበር። ቅጹን የሚያዘጋጀው ክፍል አንድ መስመር ብቻ ቢጨምር ይህ ክፍተት ይዘጋል፤ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ማሻሻያ በመሆኑ እስካሁን አለመደረጉ ያሳዝናል።

ጉድለቱን ያረመችው ሲስተሯ ናት። የደም ግፊቷን ለመለካት እጅጌዋን ስትሰበስብ እባጮቹንና ቡናማ ምልክቶቹን አይታ «እህቴ፣ ይህ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነው? ከቤተሰብሽስ እንዲህ ያለበት አለ?» ብላ ጠየቀቻት፤ መልሱንም በቀይ እስክሪብቶ ከካርዱ ራስጌ ላይ ጻፈችው። የደም ግፊት ልኬቱም ቢሆን ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም። ከዚህ ሕመም ጋር አንዳንድ ጊዜ በአድሬናል ዕጢ ላይ ፊዮክሮሞሳይቶማ የሚባል ዕጢ ይገኛል፤ ይህ ዕጢ ሳይታወቅ ታማሚዋ ማደንዘዣ ብትወስድና ቢላዋ ቢነካት የደም ግፊቷ በድንገት ወደ አደገኛ ደረጃ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት የሚችል ማንኛዋም የዚህ ሕመም ታማሚ ግፊቷ መለካትና ከፍ ብሎ ከተገኘም ምክንያቱ መጣራት አለበት።

ያዩዋት ሐኪም ሴት ነበሩ፤ ይህም ለብዙ የወሎ ሴቶች፣ ሙስሊምም ሆኑ ክርስቲያን፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳስብ ጉዳይ መሆኑን በወረፋው ላይ ተቀምጦ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። አጠገባችን የነበሩ አንዲት እናት ወንድ የሚያያቸው ከሆነ ተነሥተው ወደ ተሁለደሬ እንደሚመለሱ ቁርጥ አድርገው ሲናገሩ፣ ሲስተሯ «እማማ፣ ሴት ናቸው፤ ሻሽዎንም ማውለቅ አያስፈልግዎትም» ብላ አረጋግታ አስገባቻቸው። ሐኪሟ እህቴን ከጡቷ ብቻ አልጀመሩም። ብብቷን ገልጠው በቆዳው ላይ የተበተኑትን ትናንሽ ጠቃጠቆዎች ተመለከቱ፤ ቡናማ ምልክቶቿን በማስመሪያ ለክተው ቆጠሩ። ለአቅመ ሔዋን በደረሰች ሴት ከ15 ሚሊሜትር የሚበልጡ ስድስትና ከዚያ በላይ ምልክቶች፣ የብብት ወይም የብሽሽት ጠቃጠቆ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ኒውሮፋይብሮማ፣ በዓይን ብሌን ዙሪያ የሚታዩ ሊሽ የሚባሉ ነጠብጣቦች፣ የታመመ ወላጅ መኖርና ሌሎች ጥቂት ምልክቶች ሕመሙን ለማወቅ የሚያገለግሉ መመዘኛዎች ናቸው፤ ከእነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ ያለ ዘረመል ምርመራ ሕመሙ አለ ማለት ይቻላል። እነዚህ መመዘኛዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ተደንግገው በ2021 ተሻሽለዋል። የዘረመል ምርመራ ላልተስፋፋበት አካባቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ማስመሪያና የተማረ ዓይን ያለው ሐኪም በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊሠራው ይችላል።

ከባዱ ነገር የመጣው በማሞግራፊ ክፍሉ በር ላይ ነው። የክፍሉ ተረኛ «ዕድሜዋ ከ40 በታች ስለሆነ አንሠራላትም» አለ። ደንቡ ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም፤ የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ነጩን ዕጢ ከነጩ ጡት መለየት ያስቸግራል። ነገር ግን ደንቡ የወጣው አማካይ ሥጋት ላላት ሴት እንጂ በዘረመሏ ምክንያት ሥጋቷ ከፍ ላለ ሴት አይደለም። ሐኪሟ ራሳቸው ወርደው ተነጋግረው ምርመራው ተደረገላት። ይሁንና ሐኪሟ በዚያ ቀን ባይኖሩ ኖሮ እህቴ ከበር ተመልሳ ነበር፤ አገልግሎት ደግሞ በአንድ ሰው መልካምነት ላይ መንጠልጠል የለበትም። ማዕከሉ ለእንደዚህ ዓይነት ታማሚዎች የተለየ የጽሑፍ መመሪያ ቢኖረው ተረኛውም ከጥርጣሬ፣ ታማሚዋም ከልመና ይድኑ ነበር።

ምርመራው ውስጥ ገብቶ ስለተሠራው ሥራ ግን ምስጋና ብቻ ነው ያለኝ። በቆዳ ላይ ያለ ኒውሮፋይብሮማ በማሞግራፊ ፊልም ላይ በጡት ውስጥ ያለ ክብ ዕጢ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ከቆዳ ወጣ ብሎ የቆመ በመሆኑ ዙሪያውን አየር ስለሚከበው ጠርዙ ጎልቶ መታየቱ አንዱ መለያው ነው። የራጅ ባለሙያዋ ፊልሙን ከማንሣቷ በፊት በጡቷ ቆዳ ላይ ያሉትን እባጮች አንድ በአንድ እየቆጠረች በራጅ ላይ የሚታዩ ትናንሽ ምልክቶች ለጠፈችባቸው፤ በወረቀትም ላይ የጡት ሥዕል ሠርታ የእያንዳንዳቸውን ቦታ አሰፈረች። በዚህ መንገድ ፊልሙን የሚያነቡት ራዲዮሎጂስት የትኛው ጥላ ከቆዳ፣ የትኛው ከውስጥ እንደሆነ ማወቅ ቻሉ። ምልክት ያልተለጠፈበት፣ ከሥዕሉም ላይ የሌለ አንድ ጥላ ቀርቶ ነበር፤ እሱም እህቴ በእጇ ያገኘችው ነው።

አልትራሳውንዱን ራዲዮሎጂስቱ ራሳቸው ሠሩት። በጡት ጫፏ ዙሪያ ያሉት እባጮች ከቆዳውና ከቆዳው ሥር ካለው ስብ ሳያልፉ፣ ጠርዛቸው ለስላሳና የተስተካከለ ሆነው ታዩ። ጠለቅ ብሎ የተገኘው ግን ጠርዙ የተሰባበረ፣ ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ የበለጠ፣ ከኋላውም ጥላ የሚጥል ነበር። በሪፖርታቸው ላይ የመጀመሪያዎቹን ባይ-ራድስ በሚባለው የጡት ምስል ውጤት ምደባ ሁለተኛ ደረጃ፣ ማለትም ጉዳት የሌላቸው ብለው ሲመድቧቸው፣ የኋለኛውን አምስተኛ ደረጃ ብለው መደቡት፤ አምስተኛ ደረጃ ካንሰር የመሆን ዕድሉ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ መስመር ጨፍልቀው «ብዙ እባጮች ታይተዋል» ብለው ቢያልፉ ኖሮ ወረቀቱ ምንም ዋጋ አይኖረውም ነበር። እያንዳንዱ እባጭ ጡቱ እንደ ሰዓት ገጽ ታስቦ ባለበት አቅጣጫ፣ ከጡት ጫፍ ባለው ርቀትና በመጠኑ ተለይቶ ተጽፏል፤ እባጭ ለበዛባት ሴት ሪፖርት መጻፍ ያለበት እንደዚህ ነው።

ናሙና አወሳሰዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ታማሚ የሚሳሳተው፣ ገንዘቡንም የሚያባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። በአካባቢያችን የተለመደው በቀጭን መርፌ ሴል ስቦ ማየት፣ ማለትም ኤፍ.ኤን.ኤ. ነው፤ ርካሽና ፈጣን በመሆኑ የሚናቅ አይደለም። ኒውሮፋይብሮማ ግን በቀጭን መርፌ ሲሳብ ብዙ ጊዜ በቂ ሴል አይሰጥም፤ ካንሰርም ቢሆን በዚህ መንገድ ሲታይ ሴሉ ከመነሻ ቦታው አልፎ ወደ አካባቢው ሥጋ መግባት አለመግባቱን ለማወቅ ያስቸግራል። ማዕከሉ ከጠለቀው እባጭ በአልትራሳውንድ እየተመራ በወፍራም መርፌ የሥጋ ናሙና ወሰደ፤ ከጡት ጫፉ አጠገብ ካሉት አንዱን ደግሞ በማደንዘዣ ቆርጦ አወጣ። ናሙናዎቹ ተለያይተው በተጻፈባቸው ሁለት ዕቃዎች ወዲያውኑ ናሙናን ከመበላሸት የሚጠብቅ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ገቡ። ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ የጡት ናሙና ከተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ካልገባና እዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት ካልቆየ የሆርሞን ተቀባይና የኸር-ቱ ምርመራ ውጤት ሊሳሳት ይችላል። የትኛው መድኃኒት እንደሚሰጥ የሚወሰነው ደግሞ በዚህ ውጤት ነው። በላስቲክ ጓንት ውስጥ ወይም በጨው ውኃ ውስጥ ተደርጎ ናሙና የሚሰጠው ሰው ካለ ያን ናሙና ተሸክሞ አዲስ አበባ ድረስ መሄዱ ከንቱ ድካም ሊሆን ስለሚችል አጥብቆ ይጠይቅ።

ውጤቱ ሁለት ሆኖ መጣ። ከጡት ጫፉ አጠገብ የነበረው ኒውሮፋይብሮማ ነው፤ በግራ ጡቷ ውስጥ የነበረው ካንሰር ነው። ውጤቱን የነገሩን መንገድ ልክ ነበር። ሐኪሟ በሩን ዘግተው፣ ስልካቸውን አስቀምጠው፣ ለእኔ ሳይሆን ለእህቴ ፊት ለፊት ነገሯት፤ እባጩ ገና ትንሽ በመሆኑና በብብቷ በአልትራሳውንድ የታየ ያበጠ ንፍፊት ባለመኖሩ ተስፋ እንዳለውም ሳያጋንኑ አስረዷት። በብዙ ቦታ ውጤት ለወንድም፣ ለባል ወይም ለአጎት ይነገርና ታማሚዋ ራሷ ከሁሉም በኋላ ትሰማለች። የገዛ አካሏን ጉዳይ አስቀድማ መስማት ያለባት እሷ ናት።

ድክመቶቹን ደግሞ ሳልሸፋፍን ልጻፍ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ በማዕከሉ ዋጋ የለውም፤ ለገበሬ ቤተሰብ ማሞግራፊውን፣ አልትራሳውንዱን፣ ናሙናውንና ፓቶሎጂውን በአንድ ጊዜ ከኪስ መክፈል ከባድ ነው። የዋጋ ዝርዝሩ በግልጽ አልተለጠፈም፤ የፓቶሎጂ ክፍያው ከናሙና መውሰጃው የተለየ መሆኑን የሰማነው እህቴ አልጋው ላይ ከተኛች በኋላ ነው። የአልትራሳውንዱ ክፍል በር ምርመራ እየተካሄደ በተደጋጋሚ ተከፍቷል። አንድ መጋረጃና አንድ መቀርቀሪያ የሚፈታው ችግር ነው፤ በዕድሜ ዘመኗ ገላዋን ስትሸፍን ለኖረች ሴት ግን ዳግም ላለመመለስ በቂ ምክንያት ይሆናል። የጡት ኤም.አር.አይ. ማዕከሉ የለውም፤ ይህን እንደ ጥፋት አልቆጥረውም።

እንደ ጥፋት የምቆጥረው የክትትል መዝገብ አለመኖሩን ነው። የእህቴ ሌላኛው ጡት ከዚህ በኋላ በየዓመቱ መታየት አለበት፤ የዓመቱን ቀጠሮ የሚያስታውስ፣ ያለፈውን ፊልም አውጥቶ ከአዲሱ ጋር የሚያነጻጽር ክፍል ግን የለም። ለእንደዚህ ዓይነት ታማሚ ደግሞ ዋናው ነገር ማነጻጸር ነው፤ ለዓመታት ሳይለወጥ የቆየ እባጭና በአንድ ዓመት ውስጥ ያደገ እባጭ በአንድ ቀን ፊልም ላይ ተመሳሳይ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የጤና ተቋማት መዘረፋቸውንና መሣሪያዎቻቸው መሰባበራቸውን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ የእህቴ የቀድሞ የአልትራሳውንድ ወረቀትም የጠፋው በዚያው ጊዜ ነው። መሣሪያው ከዚያ ወዲህ ተተክቷል፤ የጠፋ መዝገብ ግን አይተካም። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራ ማዕከል ፊልሙን በኮምፒውተሩ ማስቀመጥና ቅጂውንም ለታካሚዋ በሲዲ ወይም በፍላሽ መስጠት ይገባዋል። እኛ ቅጂውን ያገኘነው አጥብቀን ስለጠየቅን ነው።

የሪፈር ወረቀቱ በአንድ በኩል በጣም ጥሩ ነው። ኒውሮፋይብሮማቶሲስ እንዳለባት ከመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፏል፤ ይህም የጨረር ሕክምናን የሚያስቡ ሐኪሞች ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው። በዚህ ሕመም ጨረር የተሰጠበት አካባቢ በኋላ ከነርቭ ሽፋን የሚነሣ አደገኛ ዕጢ ሊያወጣ እንደሚችል ሥጋት ስላለ፣ ጨረሩ የሚሰጠው ጥቅሙና ጉዳቱ በጥንቃቄ ተመዝኖ ነው፤ ጡትን ከፊሉን ብቻ ቆርጦ በጨረር ማከም ወይስ ሙሉውን ማውጣት የሚለው ውሳኔም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ጨረር ፍጹም አይሰጥም ማለት አይደለም፤ ውሳኔው የእህቴና ሁሉንም መረጃ የያዙት ሐኪሞቿ ነው። በሌላ በኩል ወረቀቱ ዘረመልን በተመለከተ ለቤተሰቡ የሚለው ነገር የለም። ማንኛውም የእህቴ ልጅ ሕመሙን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ወንድ ሴት አይለይም። ትውልድ ዘሎ አይሄድም፤ ዘረመሉን የወረሰ ሰው ለአካለ መጠን ሲደርስ ምልክቱ በገላው ላይ መታየቱ አይቀርም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ገላዬ ንጹሕ የሆነው እኔ ከዚህ ሕመም የሚመጣ የጡት ሥጋት የለብኝም፤ ልጆቼም ከእኔ አይወርሱትም። ይህን ለማወቅ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ወስዶ ሊነግረን የሚችል ባለሙያ ግን በግቢው ውስጥ ነበር።

ሁሉም የዘር ዕጢ ሕመም እንደዚህ በገላ ላይ ተጽፎ አይታይም። ካውደን የሚባለው፣ ፒቴን በተባለው ዘረመል ጉድለት የሚመጣው ሕመም በፊት ቆዳና በድድ ላይ ትናንሽ ጉጦችን ቢያወጣም በቀላሉ ይታለፋል፤ የጡት ካንሰር ሥጋቱ ግን ከኒውሮፋይብሮማቶሲስ በእጅጉ ይበልጣል። ሊ-ፍራውሜኒ የተባለው ደግሞ በቆዳ ላይ ምንም ምልክት የለውም፤ የሚያስጠረጥረው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ወጣቶች በጡት፣ በአጥንት፣ በአንጎልና በአድሬናል ካንሰር ተደጋግመው መታመማቸው ነው። የማዕከሉ መጠይቅ ይሻሻል ስል እነዚህንም አስቤ ነው።

እንግዲህ በጡቷ ላይ አዲስ ነገር ያገኘች፣ ገላዋም እባጭ የበዛበት ሴት ወደዚህ ማዕከል ትሂድ ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ሳልጠራጠር ትሂድ እላለሁ። ለአልትራሳውንድና ለናሙና ብቻ ወደ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር መጓዝ አያስፈልጋትም። ስትሄድ ግን ሐኪሟ ያሉበትን ቀን አስቀድማ በስልክ ታረጋግጥ፤ ካርድ ስታወጣ መጠይቁ ባይጠይቃትም በዘር የሚተላለፍ የዕጢ ሕመም እንዳለባት ትናገር፤ የሙሉ ምርመራውን ዋጋ አስቀድማ ታስጽፍ፤ ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ለብሳ ብትሄድ ሙሉ ገላዋን መግለጥ አይኖርባትም። የቆየ ፊልም ካላት ይዛ ትምጣ። ሕክምናው አዲስ አበባ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ የፓቶሎጂ ወረቀቱን ብቻ ይዛ አትውጣ፤ ናሙናው የተቀበረበትን የሰም ብሎክና የተዘጋጁትን ስላይዶችም ፈርማ ትረከብ፤ የተቀባይ ምርመራ እንደገና ሲታዘዝ የሚጠየቀው እሱ ነውና።